ሆዷን ያማታል

አቴና፣ ጥቅምት 12 ቀን 1948 ዓ.ም.

እንደ አባት ላሳደጉኝ አጎቴ ለቄስ ገብረ ሊባኖስ፣ ሰቆጣ

ክረምቱ ጎርፉንም ብርዱንም ይዞ ሄዶልዎ እንደሆነ፣ የወገብ ሕመምዎም ለቆዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። አክስቴ ደጅይጥኑስ እንዴት ከረሙ? እኔ በጸሎታችሁ ቆሜ እሄዳለሁ። ትንሽ ከመክሳቴ በቀር የሚያሰጋችሁ ነገር የለብኝም።

ዛሬ የምጽፍልዎ ነገር ብዕር ካነሳሁ ጀምሮ ሲያስፈራኝ ውሏል። ቤተ ክህነት ወደ ግሪክ አገር የላከኝ ነገረ መለኮት ተምሬ እንድመለስ መሆኑን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ለምርጫው ስሜን ያቀረቡትም እርስዎ ነዎት። ነገር ግን ትምህርቱን ስጨርስ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ልግባ ብዬ አመለከትኩ፤ ተፈቀደልኝ፤ ጀምሬያለሁም። ከሰቆጣ እስከ ተከዜ አንድ ሐኪም የለም። ቄስ ግን ሞልቷል። አይቆጡኝና፣ ትንሽ በዝቷልም።

ለማሳቅ ያህል አንድ ነገር ልንገርዎ። እዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበር ተደርድሯል። ሰዉ ቁጭ ብሎ ያስቀድሳል። መቋሚያ የሚባል ነገር አያውቁም።

ትምህርቱ ረጅም ነው። ጥሩሐረግ ምን ትል ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እናታችን ስትሞት እሷም ልጅ ነበረች፤ ግን እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች እሷ ናት። ስንሰነባበት አንገቴን ይዛ፣ “ሳትጨርስ እንዳትመጣብኝ” ነው ያለችኝ። ተከዜ ዳር ዝቋላ ያለው ትዳሯ እንዴት ሆነላት? ማሬ ልጇስ አደገች? እናትየዋን መስላ ከሆነ እስካሁን ሰፈሩን ሁሉ ሳታዝ አልቀረችም።

ትእዛዝ አፍራሹ ልጅዎ፣ ይግዛው


ሰቆጣ፣ ጥር 20 ቀን 1948 ዓ.ም.

ከአገሩ ርቆ ለአገሩ ለሚያስብ ልጄ ለይግዛው

ሰላምታዬ ገደሉን ወርዶ ባሕሩን ተሻግሮ በደህና ያግኝህ። በሄድክበት ሁሉ የአባቶችህ አምላክ አይለይህ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤም እንዳንተ ተማሪ ሆኗል መሰለኝ፣ ፈቃድ እየጠየቀ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል።

“ቄስ በዝቷል” ያልከውን ለደብሩ ካህናት አነበብኩላቸው። ግማሾቹ ሳቁ፣ ግማሾቹ ስሙን ከጸሎት እናውጣው ብለው ዛቱ። እኔ አልተቆጣሁም። ቁጭ ብሎ የሚያስቀድስ ሕዝብ ምን ዓይነት ሐኪም እንደሚያወጣ አይተን እንፈርዳለን። ተማር።

አሁን ቀልዱን ልተው። ለትልቅ ሰው ቢሆን መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር ታውቃለህ፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየውን ይዞ ነው። ማሬ ሕፃን ስለሆነች እጽፍልሃለሁ። በኅዳር አርፋለች። ታማ ነበር፤ እናቷ አዝላት ከዝቋላ ከጽጽቃ ወደ እኛ ስትመጣ መንገድ ላይ ሞተች። ሌላ ሰው አብሯቸው አልነበረም።

ጥሩሐረግ ወደ ባሏ አልተመለሰችም። እኛ ዘንድ ናት። አማርኛውን ትታዋለች፤ የምትናገረው በእናቷ ቋንቋ በኽምጣኛ ነው፣ እሱም ከስንት አንዴ። እህል አይወርድላትም። ጸበል ወስጃታለሁ፤ ቅዳሴም አታስታጉልም። እኔንም አነጋግራኛለች።

ሆዷን ያማታል። ከዚህ በላይ የምጽፍልህ የለኝም። አንተ አስተዋይ ነህ፤ ሆዷን ያማታል ካልኩህ ይበቃሃል።

አጎትህ ቄስ ገብረ ሊባኖስ


አቴና፣ መጋቢት 28 ቀን 1948 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

ስለ ማሬ ያነበብኩ ዕለት ክፍሌን ዘግቼ ዋልኩ። እግዚአብሔር ነፍሷን ከሕፃናቱ ጋር ያኑርልን። ጥሩሐረግንም ያጽናልን።

ዋናው አሁን የእሷ ጤና ነው። ሆዷን ያማታል ያሉኝን ይዤ ከመምህሮቼ ጋር ተመካክሬበታለሁ። ደስ ያለኝ፣ ሕመሙ መድኃኒት ያለው መሆኑ ነው። የሚከተሉትን ጠይቀው ቢጽፉልኝ ጥሩ ነበር፦ የሚያማት ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ያቃጥላታል ወይስ ይቆርጣታል? ያስመልሳታል? ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳታል? ነገር ግን መልሱ እስኪመጣ እሷ መሰቃየት ስለሌለባት መድኃኒቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ነጩን ክኒን ጧትና ማታ በወተት ትውሰድ። በባዶ ሆዷ ጸበል አትጠጣ። በርበሬ ይቅርባት። ኮሶ ደግሞ በፍጹም እንዳትሰጧት፤ አክስቴ ደጅይጥኑ ይህን አይወዱትም፣ ግን ይታዘዙኝ።

እንደዚህ በማዘዜ አይሳቁብኝ። ገና ሐኪም ባልሆንም የመጀመሪያዋ በሽተኛዬ እህቴ በመሆኗ ኮርቻለሁ። ለመጪው ዓመት ፋሲካ እመጣለሁ ብዬ አስባለሁ።

ይግዛው


ሰቆጣ፣ መስከረም 25 ቀን 1949 ዓ.ም.

ለልጄ ለይግዛው

አዲሱ ዓመት የዕውቀትና የዕድሜ ይሁንልህ። ደብዳቤህ ኮረም ደርሶ ክረምቱን እዚያው ከረመ። መንገዱ ሲደርቅ በነጋዴ እጅ መጣልኝ።

ክኒኑ ደርሷል። ጥሩሐረግ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ነበር። ለመጣው ሁሉ እየፈታች “ይግዛው የላከው ነው” ትላለች። ባልከው ሰዓት፣ እንዳልከው በወተት፣ አንዲት ሳታስቀር ዋጠችው። በርበሬም ትታለች። አክስትህ ኮሶውን ደብቃዋለች፤ ስለ አንተ ያለችውን ግን አልጽፈውም።

ጥሩሐረግ፣ “ድናለች ብለው ይጻፉለት” ብላኛለች። እኔም ይኸው ጻፍኩ፦ ድናለች።

እኔ ምን እንደማስብ አልጠየቅኸኝም። ፋሲካን እንጠብቃለን።

አጎትህ


አቴና፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1949 ዓ.ም.

አጎቴ፤

ድናለች የሚለውን ሳነብ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ጓደኞቼን አቀፍኩ። ባሕር ማዶ ሆኜ ሰው አዳንኩ ብዬ ሳወራ ነው የሰነበትኩት። ለጥሩሐረግ “የመጀመሪያዋ ምስክሬ አንቺ ነሽ” ብሏል ይበሉልኝ።

ለፋሲካ መምጣቱ ግን አይሆንልኝም። ፈተናው ከበዓሉ ጋር ተጋጭቷል። እሷም ከዳነች ችኮላ የለውም ብዬ ነው። ለሚቀጥለው እንበለው።

ይግዛው


ሰቆጣ፣ ግንቦት 3 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለይግዛው

ባለህበት ቸር ያሰማን። “ለሚቀጥለው” ያልከው ፋሲካም፣ የዘንድሮውም አለፈ።

ሆዷን ያማታል። እንደ ድሮው ነው። ክኒን አትላክ፤ አክስትህም “ክኒን ከሚልክ ራሱን ይላክ” ብላሃለች።

አጎትህ


አቴና፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ላስቀየምኩዎት አጎቴ

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ጊዜ ተቀይሜ ዝም አልኩ። ክኒን አትላክ መባል ክብሬን ነክቶት ነበር። ለራሴም “ጸበሉን እየጠጣችበት ነው፣ መድኃኒቴን ያበላሹት እነሱ ናቸው” አልኩት። ዓመት ሙሉ እንዲህ እያልኩ ከረምኩ። ዛሬ የምጽፈው አፍሬ ነው።

በምማርበት ሆስፒታል አንዲት ሴት ተኝታ ነበር። በልጅነቷ ከሰምርኔስ ተሰድዳ የመጣች ናት፤ በራእየ ዮሐንስ የሚያነቡት ያው ሰምርኔስ ነው። እህል አይወርድላትም። ጨጓራዋን አየነው፣ ንጹሕ ነው። ጉበቷን አየነው፣ ንጹሕ ነው። ክኒን ብንቀያይርላት ክኒኑን ትውጣለች፣ ታመሰግናለች፣ ትከሳለች። ተረኛ ነበርኩና መምህሬ ስለ እሷ እንዳስረዳ ጠየቁኝ። አፌን ስከፍት ግሪክኛው ጠፋኝ፣ በልቤ በአማርኛ መጣልኝ፦ ሆዷን ያማታል።

አጎቴ፣ እኛ ሆድ ባሰኝ ስንል ክኒን የሚያመጣልን አለ? ሆዴ ተላወሰ፣ ሆዷ አልቆረጠላትም፣ የሆዴን ላጫውትህ፣ እንል የለም ወይ? እኔ ራሴ ሆደ ባሻ እየተባልኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ከእናንተ ቤት ስወጣ ይህን ሁሉ ይዤ ነበር የወጣሁት። የት እንደጣልኩት አላውቅም። እርስዎ ልጅዋ መንገድ ላይ የሞተችባትን ሴት ሆዷን ያማታል ብለው ይጽፉልኛል፣ እኔ ያቃጥላታል ወይስ ይቆርጣታል እያልኩ እጠይቃለሁ። በርበሬ ከለከልኳት። በዚያ ሐዘን ላይ በርበሬ!

ወደ ሴትየዋ ተመለስኩና አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ምን ማለት እንዳለብኝ ማንም አላስተማረኝም። ለቅሶ ቤት እንደምንጠይቀው አድርጌ “ማን ሞተብሽ?” አልኳት። እስኪመሽ ነገረችኝ። የነገረችኝን አልጽፍልዎትም፤ የእሷ ነው። ሕመሙ አልለቀቃትም፤ ግን በማግሥቱ ሾርባውን ጨረሰች።

ጥሩሐረግንስ የጠየቃት ሰው አለ? አነጋግራኛለች ብለው ነበር። ምን አለችዎ?

ይግዛው


ሰቆጣ፣ መስከረም 19 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለልጄ ለይግዛው፤ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረህ

ደብዳቤህን ይዤ ከደብሩ ዛፍ ሥር ብቻዬን ተቀመጥኩ። አክስትህ ምሳ ብትለኝም አልተነሳሁም።

ያቺ የሰምርኔስ ሴት የነገረችህን የእሷ ነው ብለህ አልጻፍክልኝም። ደግ አደረግህ። እንግዲያው እኔንም ተረዳኝ። እኔ ለጥሩሐረግ አጎት ብቻ አይደለሁም፤ የነፍስ አባቷ ነኝ። ያነጋገረችኝ በንስሐ ነው። ያን ጊዜ ለአንተ ልጽፍ ስቀመጥ፣ ንስሐዋን እንዳልገልጥ፣ ዝምም እንዳልል፣ የማይበዛ የማያንስ አንድ ቃል ፈለግሁ። ያገኘሁት ያን ነው። ይግዛው እኛ ቤት ያደገ ልጅ ነው፣ ይህ አይጠፋውም አልኩ። ለእኔ በኽምጣኛ ነገረችኝ፣ እኔ በአማርኛ ጻፍኩት፣ አንተ በግሪክኛ አነበብከው።

ጥፋቱን ሁሉ ላንተ አልተውም። “አዝናለች፣ ና” ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ማዘኗ ንስሐ አይደለም፣ ማንም ያየዋል። ግን “ከትምህርቱ እንዳያስነሱብኝ” ብላ ይዛኝ ነበር። ድናለች በሉት ያለችውም ለዚሁ ነው። ያልዳነችውን ዳነች ብዬ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ ይቆጨኛል።

አሁን ገብቶሃል። እንግዲህ ና።

አጎትህ ቄስ ገብረ ሊባኖስ


አቴና፣ ጥር 30 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለአባቴ ለቄስ ገብረ ሊባኖስ

“እንግዲህ ና” የሚለውን ካነበብኩ ጀምሮ ሻንጣዬን ሁለት ልብ ሆኜ እያየሁት ነው። አልዋሽዎትም፣ ቲኬት ጠይቄ ነበር። ተውኩት። ለምን እንደተውኩት ልንገርዎ፤ ይፍረዱኝ።

እዚህ ሰውን በማነጋገር የሚያክሙ አሉ። ፕሲኮቴራፒያ ይሉታል፤ ፕሲኬ ነፍስ ነው፣ ቴራፒያ ፈውስ ነው። በሽተኛው ይናገራል፣ ሐኪሙ ይሰማል። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሰምተው ሰው የሚሰብሩም አሉ። ያቺ የሰምርኔስ ሴት ከነገረችኝ በኋላ ሌላ ጥያቄ ጨመርኩባት፤ ሳይገባኝ ቁስሏን ነካሁት መሰለኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጥሩሐረግ ፊቷን ብታዞርብኝስ? አንዴ በክኒን ተሳስቼባታለሁ። ሁለተኛ ልሳሳትባት አልፈልግም። ሕክምናውን እንደጨረስኩ ይህን ተምሬ ልምጣ ብያለሁ።

የትምህርቱ ደንብ ይገርማል። ሰሚ ከመሆኔ በፊት እኔ ራሴ መምህሬ ፊት ተቀምጬ የሆዴን መናገር አለብኝ። በግሪክኛ ጀመርኩ፤ ስለ እናቴ ሞት ደህና አድርጌ አወራሁ። ጥሩሐረግ ስታዝለኝ የአንገቷ ላብ እንዴት እንደሚሸት ልናገር ስል ግሪክኛው አለቀብኝ። አማርኛውም አልበቃኝም። በኽምጣኛ ሳወራና ሳለቅስ ቆየሁ፤ አፌ እንኳን በውል አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። መምህሬ አንዲት ቃል ሳይገባቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። እንዲህ መስማት ነው ተምሬ የምመጣው።

ለጥሩሐረግ ይንገሯት። የሆድሽን አቆዪልኝ፣ ልሰማሽ እየተማርኩ ነው ብሏል ይበሉልኝ።

ይግዛው


ሰቆጣ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለይግዛው፣ ያለ ክህነት የነፍስ አባት ለሆንከው

መጀመሪያ በወንበር ማስቀደስ፣ አሁን ደግሞ በወንበር ንስሐ! እነዚህ ግሪኮች መቆም የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም ማለት ነው። የደብሩ ካህናት “ቀኖናስ ይሰጣል ወይ?” ብለው ጠይቀውሃል። ወገቤ ስለሚያመኝ በወንበሩ ነገር አልፈርድም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። መምህርህ ኽምጣኛ ሳያውቁ ሰሙኝ ብለሃል። ታዲያ አንተ ኽምጣኛ የምታውቀው፣ በጀርባዋ ያደግኸው፣ እሷን ለመስማት ምን ጎደለህ? ያልተማረ ወንድም መስማት አይችልም ያለህ ማን ነው?

ደብዳቤህን አነበብኩላት። “ይማር፣ አይቆጡት” አለች። በአማርኛ ነው ያለችው፤ ስንት ዘመኗ። ከዚያ ወዲህ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ጀምራለች።

እንግዲህ እሷ ይማር ካለች እኔም ይማር እላለሁ። ቶሎ ተማር።

አጎትህ


ሰቆጣ፣ የካቲት 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለተወደድክ ልጄ ለይግዛው

የሰማይና የምድር ጌታ ካለህበት ይጠብቅህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ምንም አልሆንን፣ ምንም አታስብ። ዘንድሮ ማሩ ጥሩ ነው። ማሽላውም ከአምናው ይሻላል። የአክስትህ ፍየል መንታ ወልዳለች። የደብሩ ጣራ ተጠግኗል፣ ቆርቆሮውን በግመል ከኮረም አመጣነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ወገቤም ደህና ነው። ሰው ሁሉ ደህና ነው።

ትምህርትህን ስትጨርስ አዲስ አበባ ስትደርስ አስቀድመህ ጻፍልን። ዘመዶች ሊቀበሉህ ይፈልጋሉ፤ ወደዚህ ብቻህን እንዳትመጣ።

አጎትህ


አቴና፣ ግንቦት 1 ቀን 1956 ዓ.ም.

አጎቴ፤

የፍየሏን መንታ እንኳን ጽፈውልኛል። የእህቴን ስም ግን አልጻፉም።

ይህን ሁሉ ዘመን የተማርኩት ሰው የማይናገረውን መስማት ነው። መጀመሪያ የሰማሁበት ደብዳቤ ይህ ሆነ። ወገቤ ደህና ነው ብለው ጽፈውልኝ አያውቁም፤ ሁልጊዜ ያስቁኝ ነበር። ዘመዶች ሊቀበሉህ ይፈልጋሉ፣ ብቻህን እንዳትመጣ የሚለውንም አገሬን ገና አልረሳሁምና አውቀዋለሁ።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። አይጻፉልኝ። እኔ ብቻዬን አለቅሳለሁ፤ ስመጣ ደግሞ ዘመዶቼ እንደ አዲስ ያርዱኝ፣ እኔም እንዳልሰማ ሆኜ እሰማለሁ።

ጨርሻለሁ አጎቴ። ወረቀቱን ባለፈው ሳምንት ሰጡኝ። ላሳያት ነበር።

ይግዛው


ሰቆጣ፣ መስከረም 30 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ

ከዚህ ሁሉ ዕውቀት ይልቅ ያን አንድ ደብዳቤዬን አለመረዳትህን በመረጥኩልህ።

አዎን። በጥምቀት ማግሥት ነው። ብዙ አልተሰቃየችም። ሥጋ ወደሙ ተቀብላ ነው የሄደችው፤ እጄ ላይ።

በንስሐ የነገረችኝን አልነግርህም፤ ከእኔ ጋር ይቀበራል። አሁን አንተም ይህን ሥራ ይዘሃልና አትለምነኝም። ግን በሰው ፊት፣ ደጃፍ ላይ ለአክስትህ ያለችው አለ፤ እሱን ልጽፍልህ እችላለሁ። ያን የወንበሩን ደብዳቤህን ካነበብኩላት ወዲህ ብቻዋን ስትናገር እንሰማት ነበር። ተጨንቀን ነበር፣ ለየላት ብለን። አክስትህ ቀርባ “ከማን ጋር ነው የምታወሪው?” አለቻት። “ለይግዛው የምነግረውን እየተለማመድኩ ነው፤ በአማርኛ ነው። ኽምጣኛውን ረስቶት ይሆናል” አለቻት።

የተለማመደችውን ማንም አላዳመጣትም። ላንተ ነው ብለን ዘወር እንልላት ነበር። እንዲህ ሆነ።

አጎትህ ቄስ ገብረ ሊባኖስ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 22 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለአባቴ ለቄስ ገብረ ሊባኖስና ለአክስቴ ለደጅይጥኑ

ከእናንተ ዘንድ ተመልሼ በደህና ገብቻለሁ። መቃብሯ ላይ ስቆም ምን ማለት እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ዝም ብዬ መመለሴ እስካሁን ያንገበግበኛል። ደጃፉ ላይ ትቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ለስልሷል። አክስቴ ተቀመጥበት ቢሉኝም አልቻልኩም።

እዚህ ሆስፒታል ሥራ ሰጥተውኛል። ሰቆጣ ልመደብ ብል በዚያ ሆስፒታል የለም፣ የት ትሠራለህ አሉኝ። ከየአገሩ ሰው ይመጣል። ሌሎቹ ሐኪሞች መርምረው ምንም ያላገኙበትን ወደ እኔ ይልኩታል። ገብቶ ሲቀመጥ “ሆዴን ያመኛል” ይላል። እኔም ወንበሬን አስጠግቼ “ሆድዎ ምን ይላል?” እላለሁ። ባልደረቦቼ “የሆድ ሐኪም” ብለው ስም አውጥተውልኛል። ሲያሾፉ ነው፤ እኔ ግን ስሙን ጥሩሐረግ ያወጣችልኝ ይመስለኛል።

ሰዎች ይነግሩኛል፣ ይሻላቸዋል፣ ይመርቁኛል። ምርቃቱ አይገባኝም። እያንዳንዱን እየሰማሁ ሳለ አንዳንዴ በመካከል አንድ ድምፅ ደጃፍ ላይ አማርኛ ሲለማመድ ይታሰበኛል። ለመስማት ያጠፋሁት ዘመን እሷን ለመስማት የነበረኝ ዘመን ነበር። ለሚመጣው ዓመት፣ ቢቻል ለየዓመቱ፣ እየመጣሁ እጠይቃችኋለሁ።

ይግዛው


ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለልጄ ለይግዛው

ፊደሉ ከተንጋደደብህ ዓይኔ ስለደከመ ነው። ሌላ ሰው እንዳይጽፍልኝ ብዬ በገዛ እጄ እየሞከርኩ ነው። ለየዓመቱ እመጣለሁ ያልከውን አላነሳብህም፤ በሽተኛህ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። አክስትህን በቀበርን ጊዜ መጥተሃል፤ ያን ጊዜም መኪናው ይጠብቅሃል ብለው አዋከቡህ።

ዝናቡ ካቻምናም አምናም ከድቶናል። ከዝቋላ በኩል የሚወጣው ሰው ደብሩ አጥር ሥር እያረፈ ነው። ብዙ ቀበርኩ። ከመሄዳቸው በፊት ሁሉም ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠግተው የሚነግሩኝ አላቸው። እፈታቸዋለሁ፣ እነሱ ይቀላቸዋል፣ እኔ ይዤው ወደ ቤት እገባለሁ። ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው የለም። የኔ የነፍስ አባት ከኔ ቀድመው አርፈዋል፤ ሌላ መያዝ እንደሚገባኝ አውቃለሁ፣ ግን ካህናቱ ሁሉ ልጆቼ ናቸው፣ እኔ ያስተማርኳቸው ናቸው። ምን ብዬ ፊታቸው ልቀመጥ?

ሌላ ደህና ነኝ። ወገቤ ደህና ነው።

ሆዴን ያመኛል።

አጎትህ ቄስ ገብረ ሊባኖስ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2 ቀን 1966 ዓ.ም.

አባቴ፤

ክኒን አልልክም። ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ አሁን ጊዜው አይደለም አሉኝ፣ እኔም ጊዜው ዛሬ ነው ብዬ ወጣሁ። ነገ ጧት በደሴ በኩል ወደ ኮረም እነሳለሁ፤ ከዚያ መኪና ባጣ በበቅሎ፣ በቅሎም ባጣ በእግሬ እመጣለሁ። ይህ ደብዳቤ ከእኔ በኋላ ከደረሰ አብረን እናነበዋለን።

ንስሐ ልቀበልዎ አይደለም፤ ክህነት የለኝም። የሟቾቹንም ምስጢር አልጠይቅዎትም። ስለ እርስዎ ነው የምጠይቅዎ። ያ ድንጋይ ደጃፉ ላይ ካለ እሱ ላይ እቀመጣለሁ፤ ለእርስዎ ለወገብዎ ወንበር ያውጡ።

በየትኛው ቋንቋ እንደሚቀልዎ አላውቅም። ኽምጣኛዬ ተሰባብሮብኛል፤ መንገዱን ሁሉ እየተለማመድኩ እመጣለሁ።

ልጅዎ ይግዛው